ኤግዚቢት የሆነችው ላም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የዚህ ተረት በረት ባዶ ነው። በረቱ የእትዬ አንጓች ነው። ቦራ የምትባለውን ግንባረ ነጭ ላሟን የሰፈሯ ሰው ሰርቆ ሲነዳ ፖሊስ ከነላሟ ያዘው። እሰየው ተባለ። በማግስቱ ሌባው በዋስ ወጣ፤ ላሟ ታሰረች።

አዎ፣ ላሟ። እቤት የቀረችው ጥጃ ገና ወሯ ነው። አንጓች የገብስ አጥሚት በጣቷ እያስላሰች አራት ቀን አቆየቻት፤ በአምስተኛው ቀን የጥጃዋ ጉልበት ይብረከረክ ጀመር። አንጓች ሌባው ይሰቀልልኝ አላለችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ጥጃዋ እናቷን ትጥባ።

ነጠላዋን አጣፍታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ቦራ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ጋር በአጭር ገመድ ታስራለች። ጥጃዋን ሳታይ አትታለብምና ግቷ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። አንጓች በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ፣ ልጄ፣ ገመዱን ፍታ፣ ቦራ ትውጣ፣ ጥጃዋ ትጥባ አለችው።

«ላም አይደለችም እኮ እማማ» አላት ጠባቂው። «ኤግዚቢት ናት። ሌባው የሚፈረድበት በእሷ ነው። ኤግዚቢት ያለ መርማሪው ወረቀት አይፈታም።»

ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት ላም ኤግዚቢት! አንጓች ምላሷ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጥ አድርጋ ወደ መርማሪው ገባች። ልጄ፣ ለጠባቂው ጻፍ፣ ጠባቂው ገመዱን ይፍታ፣ ቦራ ትውጣ፣ ጥጃዋ ትጥባ አለችው። መርማሪው ሻዩን እያማሰለ፣ ዓቃቤ ሕጉ ሳይፈቅድልኝ አንድ ፊደል አልጽፍም አላት።

መርማሪው አይጽፍም፣ ጠባቂው ገመዱን አይፈታም፣ ቦራ አትወጣም፣ ጥጃዋ አትጠባም።

ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆማ ገባች። ጌታዬ፣ ለመርማሪው ይፍቀዱ፣ መርማሪው ለጠባቂው ይጻፍ፣ ጠባቂው ገመዱን ይፍታ፣ ቦራ ትውጣ፣ ጥጃዋ ትጥባ። ዓቃቤ ሕጉ ቀና ሳይል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ዳኛዋ ካላዘዙኝ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ አላት።

ዓቃቤ ሕጉ አይፈቅድም፣ መርማሪው አይጽፍም፣ ጠባቂው ገመዱን አይፈታም፣ ቦራ አትወጣም፣ ጥጃዋ አትጠባም።

ፍርድ ቤት ወጣች። ክብርት ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕጉን ይዘዙ፣ ዓቃቤ ሕጉ ለመርማሪው ይፍቀድ፣ መርማሪው ለጠባቂው ይጻፍ፣ ጠባቂው ገመዱን ይፍታ፣ ቦራ ትውጣ፣ ጥጃዋ ትጥባ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው፤ ቀጠሮው ጥቅምት ነው። እኛን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ከጠየቀን ግን እናየዋለን አሉ።

ጥቅምት! ጥጃዋ እስከ ቅዳሜ እንኳ መድረሷን ማን ያውቃል?

ስትመለስ ሌባው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ አንጓች? ላሟ ደህና ናት?»

«ታስራለች። አንተስ?»

«እኔማ በዋስ ነኝ፣ ይመስገን።»

አንጓች በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጠዋት በቀጥታ ኮሚሽኑ ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ «ፖሊስን፣ ዓቃቤ ሕግንና ፍርድ ቤትን እንቆጣጠራለን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ከመኪናቸው ሲወርዱ ቀደመቻቸው። ጌታዬ፣ ዳኛዋን ይጠይቁ፣ ዳኛዋ ዓቃቤ ሕጉን ይዘዙ፣ ዓቃቤ ሕጉ ለመርማሪው ይፍቀድ፣ መርማሪው ለጠባቂው ይጻፍ፣ ጠባቂው ገመዱን ይፍታ፣ ቦራ ትውጣ፣ ጥጃዋ ትጥባ።

ሰብሳቢው በትሕትና አዳመጧት። «አቤቱታዎ ተገቢ ነው እናቴ» አሉ። «ብቻ ኮሚሽኑ ያለ ማስረጃ አይጠይቅም። ላሟ መታሰሯን ጠባቂው ጽፎ ይስጥዎትና ይምጡ።»

ጠባቂው ደግሞ ያለ መርማሪው አይጽፍም። መርማሪው ያለ ዓቃቤ ሕጉ፣ ዓቃቤ ሕጉ ያለ ዳኛዋ፣ ዳኛዋ ያለ ኮሚሽኑ፣ ኮሚሽኑ ያለ ጠባቂው! አንጓች ዞራ ዞራ የመጣችበት በር ላይ ቆማለች። የጥጃዋ ጉልበት ትዝ አላት። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከሰብሳቢው ኮት ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ አጥብቃም ቋጠረችው።

«በሕግ አምላክ» አለች። «ዳኛ ፊት እንቅረብ።»

ዱሮ አባቷ እንዲህ ሲያደርጉ አይታለች። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ በሕግ አምላክ የተባለ፣ ባላባትም ቢሆን፣ ጥሎ አይሄድም። ሰብሳቢው ቋጠሮውን ሊፈቱ ጣታቸውን ሲሰዱ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ የሕግ ቋጠሮ የሚፈታው ዳኛ ፊት ነው። ሕግ የምትጠብቁት እናንተ አይደላችሁ?»

ሰልፉ በሙሉ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። ሰብሳቢው ሄዱ። አንጓች ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ከተማው ሁሉ እያየ።

ዳኛዋ ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቆይ፣ ክብርት ዳኛ» አለች አንጓች። «ይህን ዛሬ ከፈቱት ያኛውን ገመድ ጥቅምት ነው የምትፈቱት። የሚፈታው ጥጃዋ ስትጠባ ነው።»

ያኔ ኮሚሽኑ ዳኛዋን ጠየቀ፣ ያውም በልመና። ዳኛዋ ዓቃቤ ሕጉን አዘዙ፤ ላሟን ፎቶ አንስታችሁ ልቀቁ፣ ፎቶዋ ለማስረጃ ይበቃል አሉ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ይበቃ ኖሯል! ዓቃቤ ሕጉ ለመርማሪው ፈቀደ፣ መርማሪው ለጠባቂው ጻፈ፣ ጠባቂው ገመዱን ፈታ፣ ቦራ ወጣች፣ ሰብሳቢው በኮታቸው እየተጎተቱ ተከተሉ፣ ጥጃዋም እየተንገዳገደች መጥታ ጠባች።

«አሁንስ እናቴ?» አሉ ሰብሳቢው፣ የረገጡትን እበት ከጫማቸው እየጠረጉ።

አንጓች የጥጃዋን ጅራት አየች፤ መወዛወዝ ጀምሯል።

«ትጥገብ እንጂ ጌታዬ» አለች። «ቦራ ስድስት ቀን ቆማለች።»

እኔም እዚህ ላይ ተረቴን መልሱ አልላችሁም። የሰው ላም ያሰራችሁ ግን መልሱ።