ሠላሳ ብር የተባለችው አሮጊት በቅሎ

አንድ ባለጠጋ ነበረ። አንተን ማለቴ አይደለም ይልቃል፣ ቁጭ በል። «ለአረጋውያን መጦሪያው የምሰጠውን አሮጌ ፍሪጅ ደረሰኙ ላይ በአዲስ ዋጋ ባስጽፈውና ግብሬ ቢቀነስልኝ ማንን እጎዳለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው የበቅሎ ነገር ነው።

ባለጠጋው በቅሎ በያይነቱ ነበረው። ሲሰለፉ የፊተኛዋ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የኋለኛዋ ገና ከግቢ አልወጣችም። በዚያ አገር ሰው የሚገብረው በከብቱ ዋጋ ልክ ነው። አንድ ዓመት ገዥው አዋጅ አስነገረ፦ ለድኩማን ቤት የጭነት ከብት የሰጠ፣ የሰጠው ከብት ዋጋ ከግብሩ ይቀነስለታል። የድኩማኑ አህያ ሞቶባቸው እንስራ አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ቁልቁለቱ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል።

ባለጠጋው አንዲት አሮጊት በቅሎ መረጠ። ጥርሷ ካለቀ ሦስት ገዥ ተሽሯል። ዝንብ ሲያርፍባት ትንገዳገዳለች። እሱ በኮርቻ በቅሎው ተቀምጦ፣ እሷን አስጎትቶ ግብር ገማቹ ዘንድ ሄደና፣ ሕዝቡ እየሰማ «ይህችን ለድኩማን ሰጥቻለሁ። ዋጋዋ ሠላሳ ብር ነው፣ ጻፍልኝ» አለ።

ገማቹ ዝምተኛ ሰው ነው። ጻፈ። ከዚያ ቀና አለና፣

«ጌታው፣ ከቀሩት በቅሎዎችዎ ከዚህች የምታንስ አለች?»

«እኔ ቤት? የመጨረሻዋ እንኳ ይህችን ሰባቴ ዞራ ትቀድማታለች!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ገማቹ፣ ብዕሩን እየነከረ። «እንግዲያው ሁሉም ቢያንስ ሠላሳ ሠላሳ ብር ያወጣሉ። በዚያው ልክ ይገብሩ።»

ባለጠጋው ላብ አጠመቀው። «ኧረ የጭነቶቹ አሥር ብርም አያወጡም! ሠላሳ የምታወጣው ይህች የተቀመጥኩባት ብቻ ናት!»

«እንግዲያው ወይ ዋጋውን በበቅሎዋ ልክ ያድርጉ፣ ወይ በቅሎዋን በዋጋው ልክ።»

እግሯ የተሰበረው ሴት ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ጌታዬ፣ እኛስ» አለች፣ «ውሃው ቀርቶ በቅሎዋን ማን ያዝልልናል እያልን ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሦስት አገር ተሰማ። ባለጠጋው ግን የሴትዮዋን እግር አየ። ከዚያ ከኮርቻ በቅሎው ወረደ። ኮርቻውን ፈታ፣ ልጓሟን ለሴትዮዋ አስጨበጣት። ገማቹም ሠላሳዋን ብር አንድም ሳያጎድል ከግብሩ ቀነሰለት። ባለጠጋው ኮርቻውን ተሸክሞ በእግሩ ቤቱ ገባ፤ ድኩማኑም በማግሥቱ ውሃ ሲመጣላቸው አዩ። አሮጊቷስ? እሷማ አርባ ዓመት ኖራ የገማቹ ቀብር ላይ ተገኝታለች።

እንግዲህ ይልቃል፣ ባለጠጋው አንተ ነህ። ቅድም አይደለህም ያልኩህ እንድትቀመጥልኝ ነው። ግብር መቀነሱ ነውር የለውም፤ ሰጥተህ ከሆነ ደረሰኝህን ተቀበል። ማንን እጎዳለሁ ላልከው ግን፣ መጦሪያው ፍሪጅ የለመነው ለስኳር በሽተኞቹ መድኃኒት ነው። ካንተ አሮጌ ፍሪጅ ደግሞ ባለፈው ፋሲካ ያስቀመጥንበትን ቅቤ በብርጭቆ ቀድተን አውጥተነዋል። አሮጊቷ በቅሎ እሱ ነው። የኮርቻዋ በቅሎ ሱቅህ ውስጥ ለስላሳ የምታቀዘቅዝበት ነው። እሱን ስጥና በልኩ አስጽፍ።

እኔም ከነገ ጀምሮ ለስላሳዬን ሳይቀዘቅዝ እጠጣለሁ፤ ምን ይደረጋል።