የሙሄ ማሽላና የቅሬው ቃሬዛ

አንድ ቀን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው፣ ሁለቱም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ እድር፣ የሚተዛዘኑ ናቸው፣ ተሰብስበው ጤና ኬላ ሠሩ። ድንጋዩን ከወንዝ የታች ሰፈር ሰው በጀርባው አወጣ፣ እንጨቱን የላይ ሰፈር ሰው ቆረጠ፣ ጭቃውን ሴቶቹ አቦኩ። ኬላው ላይ ሰፈር ቆመ፤ ነርስም መጣች። ከዚያ ወዲያ የላይ ሰፈር ሰው ጤንነት ለጉድ ሆነ! እንቅፋት የመታው ሁሉ «እስቲ ልታይ» እያለ ብቅ ይላል። ድንጋዩን የተሸከመው የታች ሰፈር ሰው ግን እዚያው ከወባው ጋር ይንቀጠቀጣል።

ለምን ቢሉ፣ በሁለቱ ሰፈር መሀል የአቶ ሙሄ ማሽላ ተዘርግቷል። ማሳውን ካቋረጡት ኬላው አፍንጫ ስር ነው። ካልሆነ በገደሉ መዞር ነው። ያን ገደል ደግሞ ፍየል እንኳ ቢስሚላህ ሳትል አትወጣውም። አንዴ አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ሲያዞሩት፣ እሱ መንገድ ላይ ድኖ ተሸካሚዎቹን ተሸክሞ ገባ አሉ። አላየሁም፤ ግን ይሄን የሚያክል ነገር ማን ይዋሻል?

ቅሬው መከረና «በልማት መንገድ እናውጣ፤ ጉልበቱ ከኛ፣ መሬቱ ከሙሄ» አለ። ይመር የሚባል የታች ሰፈር ሰው፣ ምላሱ ከማጭድ የሰላ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ሙሄ ደጅ ቆመ። ይመር የቸኮለበት ነገር ነበረው፤ ልጁ ሰዓዳ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው። ምጥ ይዟት በዚያ ገደል ላይ ስትንጠለጠል እየታየው እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ቃሬዛ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ይስጡን» አለ።

«አንድ አገዳ አልሰጥም!»

«ሰዓዳ እኮ ደርሳለች፤ ዛሬ ነገ ናት።»

«እኔን እናቴ የወለደችኝ ምድጃ ዳር ነው። እና ምን ጎደለኝ?»

ይመር «እሱንማ ቅሬው ይናገር» ሊል አፉን ከፈተና፣ ስለ ሰዓዳ ብሎ ዋጠው። ሙሄ ሽመሉን አነሳ። «ማሽላዬን የረገጠ እግር፣ እግሩን ይሰናበት!» ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ታች ሰፈር ሰርግ ሆነ። ሙሄ ቤቱ ቆሎ ሲቆረጥም ድምፁን ጎረቤት እንዳይሰማበት የሚሳቀቅ ሰው ነው፤ የሰው ቤት ሲሆን ግን ሌላ ሆድ አለው። የፊቱን ጨርሶ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ጨርሶ የሙሽራውን ቅልጥም ጎተተ። ሙሽራዋስ ለጥቂት ተረፈች! ከዚያ ማንኪያ ሳይታጠብ፣ «ሆዴን! ሆዴን! ወገን የለኝም ወይ!» ብሎ ተዘረረ።

ያገሬ ሰው ደግሞ ቃሬዛ ሲነሳ ቂም የለውም። የተጣላውም፣ የተካሰሰውም ትከሻውን ያቀርባል። ወጣቶቹ ሙሄን አስተኙና ተሸከሙ። ክብደቱስ! እሱ ብቻ መሰላችሁ? የሰርጉ በሬም አብሮ ተኝቷል። ይመር የፊተኛውን እንጨት ይዞ ይመራል።

ማሽላው ጫፍ ሲደርሱ የኬላው ቆርቆሮ ከወዲያ ብልጭ አለ። ይመር ግን ቃሬዛውን ወደ ገደሉ አዞረ።

ሙሄ ከቃሬዛው ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። «አንተ! ወዴት ነው?»

«በመንገዱ ነዋ ጋሽ ሙሄ።»

«ገደሉን? በዚህ ሆዴ? በማሽላው አቋርጥ እንጂ!»

«ውይ! እግራችንንስ?» አለ ይመር። «የሰው ማሳ እኮ ነው። ባለቤቱ ክፉ ነው፤ በቀደም ሽማግሌ ልከንበት በሽመል ነው የሸኘን።»

«ባለቤቱ እኔ አይደለሁም እንዴ!»

ይመር ተሸካሚዎቹን አቆመ። ቃሬዛውን ዝቅ አስደረገና ሙሄን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ፊቱን አየ፣ ሆዱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አይምሰልዎ ጋሽ ሙሄ። እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ የማሳው ባለቤት ጤነኛ ነው። እርስዎን ቢሆንማ ኖሮ ገና ድሮ ባሳለፈን!»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ሊይዙ ሲሉ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። ቃሬዛው ሲንቀጠቀጥ የሙሄ ሆድ ተገለባበጠ።

«ሰጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «በቅሬው ፊት ሰጥቻለሁ! እለፉ!»

«ለእርስዎ ብቻ ነው?» አለ ይመር፣ እግሩን ሳያነሳ።

«ለሰዓዳም! ለታመመው ሁሉ! ለምታምጠውም! ላልታመመውም! ኧረ አንሱኝ!»

አነሱት። ማሽላውን ለሁለት ሰንጥቀው እንደ ሙሽራ እየዘፈኑ አሳለፉት። ነርሷ ጨጓራውን አስታግሳ ስትሸኘው፣ ቅሬው አካፋና ዶማውን ይዞ መንገዱን አጋምሶታል። ሙሄ ሽማግሌዎቹን አየና የወደቀውን አገዳ እየሰበሰበ ወደ ቤቱ ገባ።

ሰዓዳ በዚያው መንገድ ሄዳ፣ ወንድ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ተመለሰች። ሙሄም ታች ሰፈር ሰርግ ሲጠራ፣ መጀመሪያ መንገዱን ጥግ ድረስ ሄዶ ሣሩን ያጭዳል፣ ድንጋዩን ያነሳል፣ ከዚያ ተመልሶ እጁን ይታጠብና ወደ ሥጋው ይቀርባል አሉ።