የጸደቀው ኮርች

በድሮ ዘመን ነው አሉ፤ ለዛፍም ተሟጋች በነበረበት ዘመን። ደምለው የሚባል ሰው ነበረ። ብልጥ ነበረ፤ ከብልጠቱ ብዛት እውነት መናገር ሞኝነት ይመስለው ነበር። ሚስቱ ስንዱ ግን ጭምት ሴት ነበረች። ልጆች፣ ጠጋ በሉ።

በዚያ አገር አንድ ሕግ ነበረ። እርጥብ ዛፍ በገዛ ግቢህ ቢበቅል፣ በአባትህም እጅ ቢተከል፣ ያለ ዳኛ ፈቃድ አይቆረጥም። ዳኛው መጥቶ ከሥሩ ይቆምና ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጥላው የሚያስፈልገው ይናገራል፤ ንብ ያለው ይናገራል። የሚቃወም ከጠፋ ይፈቀዳል። የደረቀውን ግን ባለቤቱ ማንንም ሳይጠይቅ ይጥለዋል። እርጥቡን በስውር የቆረጠ ደግሞ ግቢውን ለቅቆ ይወጣል።

በደምለው ግቢ መሀል አባቱ የተከሉት ትልቅ ኮርች ነበረ። ኮርች በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከዚያ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። የጎረቤቱ የእሜቴ ትርንጎ ንቦች የሚቀስሙት ያንን ነበር። ደምለው ደግሞ እዚያው ላይ ሰፊ እልፍኝ መሥራት አማረው። ፈቃድ ቢጠይቅ እሜቴ ትርንጎ እሺ እንደማይሉ ያውቃል።

ስለዚህ ጠበቀ። በጋ ገባ፤ ኮርቹ ቅጠሉን አራገፈ። አበባው ሳይወጣ ደምለው ገበያ ወረደና "ኮርቼ ደረቀብኝ" አለ። ደጀ ሰላም ሄደና "ኮርቼ ደረቀብኝ" አለ። እሜቴ ትርንጎም ዘንድ ሄደና ፊቱን አጨፍግጎ "ኮርቼ እኮ ደረቀብኝ" አለ።

"በበጋ ሁሌም እንዲህ አይደለም እንዴ ልጄ?" አሉት።

"የዘንድሮው ሌላ ነው እሜቴ። ሥሩን ምስጥ ጨርሶታል።"

ስንዱ ይህን ሰምታ "ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እግዜር ያያል" አለችው።

"ምኑን ይያል? ደረቅ እንጨት ነው" አላት።

ውሸት ክፉ ነገር ነው ልጆች። ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሳ ራሱም አመነው። ኮርቹን ገንድሶ ሲጥል መጥረቢያው እርጥብ ወጣ፤ እሱ ግን ልብ አላለም። ከግንዱና ከቅርንጫፉ ቋሚ አወጣ። "ብልጥ ሰው እንጨት አይጥልም" እያለ፣ እልፍኙን ከመጀመሩ በፊት ግቢውን ዙሪያውን አጠረበት። የበሩንም መቃን ከዚያው አቆመ።

የበልግ ዝናብ መጣ። አንድ ጠዋት ደምለው ብቅ ቢል አጥሩ አረንጓዴ ሆኗል። ቋሚው ሁሉ አቆጥቁጧል። ሥር የለው፣ ራስ የለው፣ ተቆርጦ የተተከለ እንጨት ነው፤ ግን እንደ ጥጃ ጆሮ የለሰለሰ ቅጠል አውጥቷል።

በእጁ ቀነጠሰው፤ ነግቶ ሲያይ በቅሏል። በማጭድ አጨደው፤ ነግቶ ሲያይ በቅሏል። በጭቃ ለሰነው፤ ጭቃውን ሰንጥቆ ወጣ። ያኔ ደምለው ፈራ፤ ደግሞም ተደነቀ። ደርቋል ያለው ዛፍ ዙሪያውን ከቦ በሕይወት ቆሟል።

እሜቴ ትርንጎ ዳኛውን ጠሩ። አገሩ ሁሉ አጥሩን ሊያይ መጣ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገቡ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፉ።

"ደምለው፣ ይህ እንጨት ከየት መጣ?" አለ ዳኛው።

"ከ... ከደረቀው ኮርች ነው ጌታዬ።"

"ደረቅ ይጸድቃል?"

ደምለው የተወለደበትን ቤት አየ፤ ስንዱን አየ። እውነቱን ቢናገር የሚለቀው ይህን ሁሉ ነበር። ቢሆንም እዚያ ዛፍ ፊት ቆሞ መዋሸት አቃተው።

"አልደረቀም ነበር" አለ። "ዋሽቼ ነው።"

ዳኛው ከአጥሩ አንዲት ቅጠል ዳሰስ አደረገ። "እንግዲህ ኮርቹ ጸደቀ፤ አንተ ግን አልጸደቅህም። ሕጉ ግቢህን ልቀቅ ይላል። እኔ ግን ዛፉን ያለ ጠባቂ አልተውም፤ ጠባቂው ሁነህ ኑርበት። ፈቃድ ሳትጠይቅ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትነካ።"

ዓመት ዓመትን ወለደ። ቋሚዎቹ ወፈሩ፤ መቃኖቹም ወፍረው በሩን ያዙት። ደምለው መቃኑን ለመጥረብ ዳኛ ይጠራል፤ ዳኛው ጎረቤት ይጠይቃል፤ እሜቴ ትርንጎ "ንቤ አበባ ላይ ናት፣ ትንሽ ይቆይ" ይላሉ። እንዲህ ሆኖ ያ ብልጥ ሰው በገዛ በሩ ለመውጣት ፈቃድ ለማኝ ሆኖ ቀረ።

በበጋ ግቢው ዙሪያውን ቀይ ሲለብስ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። "ይህን የመሰለ አጥር ማን ተከለው?" ይለዋል።

"እኔማ ቆርጬው ነበር" ይላል ደምለው።

አያችሁ ልጆች፣ እውነትን ደረቅ ናት ብላችሁ ብትቀብሯት ዝም የምትለው ዝናብ እስኪመጣ ነው። እኔ ተረቴን ሰጠሁ፤ እናንተም ከያዛችሁት ቆሎ ዘገን አድርጉልኝ።