ፊቱ የጠቆረው ላፕቶፕና አሮጊቷ ፋኖስ

ተረት ከደጅ ቆማለችና አስገቧት፣ ልጆቼ። ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ጊዜ አስካለች የምትባል ሴት ነበረች።

አስካለች ልጇን ትርሲትን ልትድር ነው። ታዲያ ሙሽሮቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእነ አስካለችን ሰባት ቤት የሚያውቁት አባቷ ባሻ ይመኑ ብቻ ነበሩ። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች፣ ሰባቱንም ስም በላፕቶፕ ጻፈች።

ስትጨርስ ላፕቶፑ አሳዘናት። እናቷ ድሮ ከመተኛታቸው በፊት የፋኖሷን ክር ዝቅ ያደርጉት እንደነበረው፣ እሷም የብርሃኑን ቁልፍ ተጭና ተጭና ዝቅ አደረገችው። "ዓይንህ ይረፍ" ብላ ከደነችው።

በዚያው ሌሊት የባሻ አንደበት ታሰረ።

ጠዋት ላፕቶፑን ስትከፍተው ፊቱ ጥቁር ነው። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ደግሞ ሰባት ቤቱን ሊሰሙ ቀትር ላይ ይመጣሉ።

"ይኼ እንቅልፋም ነው፣ እሜቴ" አለ አውራ ዶሮው። "ለኔ ተዪው።" ሦስት ጊዜ ጮኸበት። እሷም ረጅሟን ቁልፍ መታ መታ አደረገች።

ላፕቶፑ ከሆዱ እምም አለ። "ነቅቻለሁ እኮ። ፊቴ ነው የጠቆረ።"

"ዓይን ሲጨልም ጨፈን አድርጎ መግለጥ ነው" አለች ድመቷ። አስካለች ከደነችው፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገመችና ከፈተችው።

"ነቅቻለሁ እኮ። ፊቴ ነው የጠቆረ።"

አይጧ ከጆንያ ሥር ብቅ አለች። "እኔ ገመዱን ልቁረጠው፣ አንቺ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው። ይሞታል፤ ከዚያ ይነሳል።"

"ገመድ ለመብላት ሰበብ ስትፈልጊ ነው የከረምሽው" አለቻት ድመቷ።

አስካለች ግን መላ አጥታ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ላፕቶፑ ተንቀጠቀጠ። "እነሳስ እነሳለሁ፣ እሜቴ። ስሞቹ ግን አብረውኝ አይነሱም። ገና አላስቀመጥሻቸውም።"

ጣቷን አነሳች። ባሻ ከአልጋቸው ሆነው ያይዋታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

"አምላኬ፣ የአባቶቼን ስም አታጥፋብኝ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ጫፍ፣ አቧራ ከለበሰችው ፋኖስ ድምፅ መጣ። ላፕቶፑ እዚያ ቤት የገባ ዕለት "ምን ትሠራለች ይቺ ጭስ?" ብሎ የሰደባት ፋኖስ ናት።

"ለመሆኑ ክሩን ማን ዝቅ አደረገው?" አለች።

አስካለች ወደ ፋኖሷ ዞረች።

"እስኪ ለኩሺኝና አስጠጊኝ።"

ሰማዩ ደምኗል፣ ቤቱም ደንገዝገዝ ብሏል። አስካለች ክብሪት ጫረች። ፋኖሷን ወደ ጥቁሩ ፊት አዘንብላ ብታስጠጋት፣ ከወንዝ ሥር እንደሚታይ ጠጠር ፊደል ታየ። ደምለው። ቸኮል። እንግዳሸት። ሰባቱም በጨለማው ውስጥ በተርታ ቆመዋል። አንዱም አልተነቃነቀም።

አስካለች ስሞቹ ፊት ተቀመጠች። ዶሮውም ክንፉን ሰበሰበ። አይጧ እንኳ ድመቷ አጠገብ መቆሟን ረሳችው።

"እዚሁ ነበሩ" አለች አስካለች። "እኔ ነኝ ለካ ያጨለምኩባቸው።"

"እንግዲያ ክርሽን ከፍ አድርጊ" አለቻት ፋኖሷ።

ከቁልፎቹ መካከል ትንሽ ፀሐይና ትልቅ ፀሐይ ተስለዋል። ትልቋን አንድ ጊዜ ስትጫን ፊቱ ገረጣ። ሁለተኛ ስትጫን ወገግ አለ። በሦስተኛው ነጋ። እሷም ከሁሉ አስቀድማ ስሞቹን አስቀመጠቻቸው።

ቀትር ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። አስካለች ታነባለች፣ ባሻ በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እንባቸው ወረደ።

"ዘር አልገጠመም" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ የሙሽራውን ሰባት ቤት ከጎኑ ቆጥረው። "ይጋቡ።"

እንግዶቹ ሲወጡ ላፕቶፑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማማ፣ ያን ጊዜ ጭስ ያልኩሽ…" አለ።

"ተወው፣ ልጄ። እኔም በጊዜዬ ኩራዝን ስቄባት ነበር።"

የጨለመ ሁሉ ባዶ አይደለም፣ ልጆቼ፤ ዝቅ ያደረጋችሁትን ከፍ ሳታደርጉ ጠፋ አትበሉ። ተረቴ ከቤቷ ገባች፣ እናንተም በብርሃን ግቡ።