የድልድዩ ጥድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሰውን እንኮኮ ተሸክሞ ወንዝ ማሻገር ነበር።

ታገሠኝ፣ የእኅቴ ልጅ፤ ስለ ጠየቅኸኝ ነገር ነው የምነግርህ። መሪን በአደባባይ ማዋረድ ያስቃል ወይስ ነውር ነው፣ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብለሃል። ስም አልጠራም፤ አገሩንም ዘመኑንም አልነግርህም።

ወንዙ ድልድይ አልነበረውም። ክረምት ሲሆን ይሞላል፤ በመስከረምም ቢሆን እስከ ደረት ይደርሳል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ስለሚንከባለል በቅሎ አትደፍረውም። አሻጋሪው ግን ምርኩዙን ይዞ፣ ድንጋዩን በእግሩ ጣት እየዳሰሰ፣ ድሃውንም ጌታውንም ያሻግር ነበር። አሻጋሪዎች ሥርዓት ነበራቸው። በትከሻ ላይ ያለ ሰው ጠላትም ቢሆን አደራ ነው፤ አይጣልም። ደግሞም ወንዙ መካከል ሲደርሱ ተሸካሚው ይጠይቃል፣ ተሻጋሪው ይመልሳል። ይህ ለጨዋታ አልነበረም። ወራጅ ውሃን ቁልቁል የሚያይ ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ ራሱን ያዞረው ሰው ደግሞ ተሸካሚውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ «ስንት ልጆች አሉህ? የደብራችሁ ታቦት ማን ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። ተሻጋሪው ዝም ካለ ራሱን አዙሮታል ማለት ነው። አሻጋሪው ባለበት ይቆማል፤ መልስ እስኪሰማ ድረስ እግሩን አያነሣም።

የዚያ አገር ሰዎች ድልድይ ሊሠሩ አስበው ነበር። ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም ያለው ቤት ሁሉ አንዳንድ ጥድ ቆርጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወንዙ ዳር ከመረ። የአገሩ ገዥ ግን ያን ጊዜ አዲስ አዳራሽ ያሠራ ነበርና «እንጨቱን ዝናብ እንዳይመታው እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ አስወሰደው። አዳራሹ ተሠራ፤ ድልድዩ ቀረ። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀ ግን የለም።

አንድ ቀን ገዥው ወንዙን ሊሻገር መጣ። ያን ጊዜ የተሸከመው ሌላ አሻጋሪ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ የተደናቀፈ መስሎ ገዥውን ጭቃ ላይ ዘረጋው። ባርኔጣው በውሃ ተወሰደ፤ ጢሙ ጭቃ ያንጠባጥብ ጀመር። በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ይህ የምነግርህ ሰው ነበር።

ገዥው መጀመሪያ ተቆጣ። ቀልደኛው አሥር ጅራፍ ተፈረደበት። አምስተኛው ላይ ግን ገዥው እጁን አንሥቶ «ተዉት፣ ምሬዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ በየድግሱ ወሬውን ራሱ እያወራ እንግዶቹን ያስቅ ጀመር። ሕዝቡም «ጌታችን ጭቃ ለበሱ» የሚል ዘፈን አውጥቶ በየሠርጉ ጨፈረበት። የሁሉም ልብ ቀለለ። ገዥው ምሕረት አድራጊ ተባለ። ስለ ጥዱ ያነሣ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ክረምት የአሻጋሪው ሚስት ሞተች። እናቷ ከማዶ ታመው ቢላክባት፣ ባሏ ከሄደበት እስኪመለስ አልጠበቀችም። ገመድ ይዛ ወደ ውሃው ገባች፤ ገመዱ ብቻ ተገኘ። ሰውየው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ መንገደኛ ያን ዘፈን እያፏጨ በደጁ አለፈ። አሻጋሪው ያን ቀን የሳቀውን የገዛ ሳቁን አስታወሰ፤ ራሱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ።

መስከረም ሲያልቅ ገዥው አገር ጎብኝቶ ወደ ግቢው ሲመለስ እንደገና ወንዙ ዳር ደረሰ። ሎሌዎቹ በገመድ ተያይዘው ቀድመው ተሻገሩ። ቀልደኛው ገዥውን እንዳይሸከም ተከልክሎ ስለ ነበር ተራው የዚህ ሰው ሆነ። ወሬው ተሰምቶ ሕዝቡ ከሁለቱም ማዶ ዳሩን ሞላው።

«ዘንድሮ መካከል ላይ ልቀቀው!» አለ አንዱ።

«ተዉ፣ ዐሣው ይመርረዋል!» አለች አንዲት ሴት።

«አይዞህ፣ አምስት ጅራፍ ነው! ግማሹን እኔ እገረፍልሃለሁ!»

ገዥው ራሱ ትከሻው ላይ ሆኖ ሳቀና «ስማ፣ ካባዬ አዲስ ነው፤ ዘንድሮ እንኳ በደረቁ አሻግረኝ» አለው።

አሻጋሪው አልሳቀም። ገባ። ውሃው ወገቡ ላይ ደረሰ፤ ደረቱ ላይ ደረሰ። መካከል ላይ ሲሆን እንደ ሥርዓቱ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አራት።»

«ታላቁ አገባ?»

«ጥምቀት ሲያልፍ እድረዋለሁ።»

«የድልድዩ ጥድ የት ነው ያለው?»

ገዥው ዝም አለ። አሻጋሪው ቆመ።

«ምነው ቆምህ?»

«ዝም አሉኝ። ራስዎን አዞረዎት መሰለኝ።»

«አላዞረኝም፤ ሂድ!»

«ያልመለሰ ሰው ይዘን አንሄድም፣ ጌታዬ። ሥርዓታችን ነው። የድልድዩ ጥድ የት ነው?»

በዳሩ ሳቅ ፈነዳ። «ጣለው! ጣለው!» እያለ ሕዝቡ ጮኸ። ያን ጊዜ አሻጋሪው ምርኩዙን ከውሃው ነቅሎ ወደ ላይ አነሣ።

«ዝም በሉ!» አለ። «አልጥላቸውም! መልሳቸውን ልስማበት!»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። በዚያ ውሃ መካከል ሰው ተሸክሞ ያለ ምርኩዝ መቆም ሞት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል።

ገዥው ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ይህ ድፍረት ነው» አለው። «አምና የጣለኝን ሰው ምሬዋለሁ። አንተን ግን አልምርህም።»

«አይማሩኝ፤ እኔ አልጣልኩዎትም። ሚስቴን የወሰዳት ይኸው ውሃ ነው። የድልድዩ ጥድ የት ነው?»

የአሻጋሪው ጉልበት በብርድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡ ከላይ ለተቀመጠውም ተሰማው።

«አዳራሼ ላይ ነው» አለ ገዥው ቀስ ብሎ።

«ማዶ ያሉት አልሰሙም።»

«አዳራሼ ላይ ነው!»

«መቼ ይመለሳል?»

«ከገና በፊት! አሁን ሂድ!»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። አሻጋሪው ምርኩዙን ወደ ውሃው መለሰ። ገዥውን የካባው ጫፍ ሳይርስ አሻግሮ በደረቅ መሬት አቆመው፤ ጎንበስ ብሎም እጅ ነሣ። ሎሌዎቹ ወዲያው የኋሊት አሰሩት።

ሕዝቡ ግን እንደ አምናው እየዘፈነ ወደ ቤቱ አልገባም። በነጋታው የመንደሩ ሰዎች በገዥው ግቢ በር ላይ ተቀመጡ። አልተሳደቡም። ገዥው በወጣና በገባ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «ጌታዬ፣ ከገና በፊት ብለዋል፤ ሰምተናል» ይልና ይቀመጣል። በማግሥቱ ሌላው ይነሣል። ገዥው ይህን ወሬ በድግስ ላይ አውርቶ ማንንም ማሳቅ አልቻለም። ኅዳር ሲጋመስ የአዳራሹ ጣሪያ መፍረስ ጀመረ።

አሻጋሪው ሦስት ወር ታሰረ። ሲፈታ ወደ ቤቱ የሄደው በድልድዩ ላይ ነው። ድልድዩ ጠባብ ነበር፤ ግማሹ እንጨትም በአዳራሹ ጭስ ጠቁሯል፤ ያሻግራል ግን። ሰውየው መካከሉ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ውሃውን አየ፤ ከዚያ እግሩ ሳይርስ ተሻገረ። ከዚያን ቀን ወዲያ እንኮኮ የሚፈልግ አላገኘም፤ እርሻ ገባ።

እንግዲህ ጌጡ፣ የእኅቴ ልጅ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ባለፈው ስብሰባ የወረዳው አስተዳዳሪ አፉን በከፈተ ቁጥር ከኋላ የተቀመጡት እንደ አህያ ሲያናፉበት በስልክህ አሳየኸኝ። ያስቃል ወይ አልኸኝ። ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽህም። ይገባዋል ወይ አልኸኝ። ይገባው ይሆናል፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ነገር ግን የስልክህን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይተኸዋል? አስተዳዳሪው ፈገግ አለና «ሕዝባችን ተጫዋች ነው» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። የጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ከተቆለፈ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ሚስትህም የካቲት ላይ ትወልዳለች። ስለዚያ ክፍል ማንም ሳይጠይቀው በሳቃችን መካከል ወጥቶ ሄደ። ለእሱ የሚገባውን ስንሰጥ ለእኛ የሚገባንን ረሳነው።

አስተዳዳሪው በትከሻችን ላይ ያለ ሰው ነው። ብንጥለው አንድ ቀን እንስቃለን፤ እሱም ጭቃውን አራግፎ ይሄዳል። ይዘነው ከቆምን ግን መመለስ አለበት።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ታውቀኛለህ። ስሜ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ሲል እንኳ ምክንያት ፈጥሬ እወጣለሁ። ፈሪ ስለ ሆንኩ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ከሰው ኋላ ተደብቆ ማናፋት ድፍረት አይፈልግም። እሱን እኔም እችለዋለሁ።

ሐሙስ ስብሰባ አለ። ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ እንዳታናፋ። እጅህን አውጣ። «ክቡር አስተዳዳሪ» ብለህ በማዕረጉ ጥራውና «የማዋለጃው ክፍል የሚከፈተው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ሌላ ነገር ቢያወራልህ ያንኑ ድገምለት። ድፍረት ነው ቢልህ፣ አልጣልኩዎትም በለው። ከኋላህ ሳቅ ቢነሣ የአሻጋሪውን ምርኩዝ አስብ።

እኔ ከኋላ፣ ከሚያናፉት መካከል እቀመጣለሁ። አስተዳዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመለሰልህ እንደ ሆነ፣ «ከኋላ ያለነው አልሰማንም፤ ጮክ ይበሉ» ብዬ የምነሣው እኔ ነኝ።