ከቁጥቋጦ የወጣችው ኳስ

በአንድ ወቅት፣ ከአንዲት የደጋ ከተማ ዳር ባለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ይግዛው የሚባል ዓይነ ስውር ይጫወት ነበር። ዓይኑ ሳይጠፋ ሥራው መሬት መቀየስ ስለነበር ርቀት አይሳሳትም። አቅጣጫውን ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም። የሚነግረውም የልጅነት ጓደኛው ውብሸት ነበር። ትከሻውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ያዞረዋል፤ የዱላውን ጫፍ ከኳሷ ኋላ ያስቀምጥለትና «መቶ ሠላሳ ሜትር፤ ነፋሱ ከግራ ነው» ይለዋል። ይግዛው ይመታል። ውብሸት ኳሷ ያረፈችበትን ይነግረዋል፤ ይግዛውም ያምነዋል።

ሁለት ዓመት በተከታታይ የሜዳውን ዓመታዊ ዋንጫ ወሰደ። በሦስተኛው ዓመት ለፍጻሜ የደረሱት እሱና ጡረታ የወጡት ኮሎኔል ደጀኔ ነበሩ። እስከ መጨረሻው ጉድጓድ እኩል ሄዱ። እዚያ ላይ ይግዛው ሲመታ ኳሷ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ስትላተም ሰማ።

«ዛፍ መታች እንዴ?»

«ነጥራ ወጥታለች። ሣሩ መሃል ናት፤ ምን ዓይነት ዕድል ነው!» አለው ውብሸት።

ይግዛው ሁለት ጊዜ መትቶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተታት። ኮሎኔሉ ከአንድ ክንድ ርቀት ጉድጓዱን ስተው በአንድ ምት ተሸነፉ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ዋንጫውን ሲቀበል፣ የሜዳውን ሣር የምታጭደው ዘርትሁን ከሰው መሃል ጮኸች።

«ጋሼ ይግዛው፣ ኳሷ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበረች! ውብሸት በእግሩ ገፍቶ ነው ያወጣት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«ውብሸት፣ እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው። ዓይንህ የጠፋ ጊዜ ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረድክም። እዚህ ያመጣሁህ ቀን ኳሷ አሥር ጊዜ ቦይ ገባች። ‹መልሰኝ፣ ልተኛ› አልከኝ። አሥራ አንደኛዋን ገፋሁልህ። ሳቅክ። ከዚያ ወዲህ ማቆም አቃተኝ።»

ይግዛው ያን ሳቁን ያስታውሰዋል።

«ኮሎኔል፣ እርስዎስ አይተዋል?»

«አይቻለሁ፤ አምናም አይቻለሁ። የመጨረሻዋንም ሆን ብዬ ነው የሳትኩት። ዓይነ ስውር አሸንፌ የት ልደርስ? አዘንኩልህ።»

ይህ ከውብሸት ቃል ይበልጥ ልቡን አቆሰለው።

«አንቺስ ዘርትሁን፣ መቼ አወቅሽ?»

«ካወቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?»

«ዛሬ ጠዋት ውብሸት በሰው ፊት ሰደበኝ። አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ባይሰድበኝ ዛሬም ዝም እል ነበር።»

ይግዛው ዋንጫውን ለኮሎኔሉ ሰጥቶ፣ ማንም እንዳይከተለው ተናግሮ በዘንጉ እየዳበሰ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስቱም ያወቁትን እሱ ብቻ ሳያውቅ መኖሩ አንገበገበው። ከሁሉ የባሰው የራሱ ጆሮ ነበር፤ ኳሷ ግንዱን ስትመታ ሰምቶ፣ ማመን የፈለገው ሌላውን ነው።

ጎልፉን ግን መተው አልቻለም። በሚቀጥለው እሑድ ዱላውን ይዞ መጣ። ሦስቱም ሊመሩት ፈልገው ቆመው ጠበቁት።

«እንደ እኔ የሚያውቅህ የለም። ከእንግዲህ ቦይ ከገባች ገባች እልሃለሁ» አለ ውብሸት።

«እኔ ያንተን ኳስ ነክቼ አላውቅም። ሕጉንም እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ ኮሎኔሉ።

«እኔ ጨዋታውን አላውቅም። ግን እውነቱን ከኔ በቀር ማን ነገረዎት?» አለች ዘርትሁን።

ይግዛው ያለ መሪ አንዲት ኳስ እንኳ መምታት አይችልም፤ ከሦስቱም ያልከዳው የለም። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፦ ወድዶት የዋሸው፣ አዝኖለት ዝም ያለው፣ ወይስ ተናድዳ እውነቱን ያወጣችው? ያን እጅ መያዝ የሚገባው ማን ነው?