ካምቢዮ እንደ ጋን የታጠበ ጊዜ

በእኛ በመርሐ ቤቴ በኩል፣ ሰው የገዛ ጥፋቱን በዕቃ ሲያላክክ ከተሰማ የምትወረወርበት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ወጥ ቤት የተወለደች ትመስለዋለች። የተወለደችው ግን መኪና ሆድ ውስጥ ነው፤ ለመወለዷም ምክንያቷ ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ጠላ ጠማቂ ናት። በጠላዋ ልጇን አሳደገች፣ በጠላዋ ቤት ሠራች፣ በመጨረሻም በጠላዋ መኪና ገዛች። መኪናው ነጭ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሰባት ሰው የሚጭን፣ ማርሹን ራሱ የሚቀያይር ነው። ከእሷ በፊት በስንት ሰው እጅ እንደዞረ የሚያውቅ የለም። የገዛችው ለንግድ አልነበረም። ልጇ ሲሳይ ከቆላ፣ ከግንደ በር፣ ልጅ አስጠይቆ ነበር። የልጅቷ አባት አቶ ዘውገ ለሽማግሌዎቹ እሺ ካሉ በኋላ አንድ ቃል ጨመሩ።

«ልጄ ከደጄ ተነስታ የባሏን ደፍ እስክትሻገር እግሯ መሬት አይነካም። መንገድ ላይ ከረገጠች እዚያው ቆማ ትጠብቀኝ፤ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ግንደ በርና የእነ ትርንጎ መንደር ወይን አምባ የሚገናኙት በአንድ አቀበት ነው። አቀበቱ ደግሞ ከአቶ ዘውገ ደጅ ሆነው ሲያዩት ከእግሩ እስከ ራሱ ወለል ብሎ ይታያል።

«የጠላ ሻጭ ልጅ በባጃጅ ሊወስዳት ነው ብለው ሰግተው እኮ ነው» አለች ትርንጎ። መኪናውን የገዛችው በዚያው ሳምንት ነው።

ሰርጉ ሲቃረብ ክንፈ ጋራዥ ወሰደችው። ክንፈ ሲሠራ ያፏጫል፣ ሲያፏጭ መሥራቱን ይረሳል። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አንድ ቀጭን የዘይት መለኪያ መዘዘና አሳያት። መለኪያው ጫፍ ላይ ያለው ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ሽንኩርት ይሸታል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የካምቢዮ፣ የማርሹ ቤት፣ ዘይት ነው። መኪናው ከተሠራ ጀምሮ የቀየረው ያለ አይመስለኝም።»

«ቀይረው።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ዘይቱ አርጅቷል፤ ካምቢዮውም አብሮት አርጅቷል፤ ተላምደዋል። ከፈለግሽ ጥቂት ቀንሰን በምትኩ አዲስ እንጨምርበት። ከሰርጉ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥቂት። አንድ ጊዜ አራግፈሽ ካወጣሽው ሊያኮርፍሽ ይችላል።»

«ምን ሆኖ ነው የሚያኮርፈው?»

«እሱን እኔም በቅጡ አላውቀውም። የአንድ ሰውዬ አኩርፎ አይቻለሁ።»

ትርንጎ መለኪያውን ከእጁ ነጥቃ አሸተተች፤ በሁለት ጣቷም አሸት አሸት አደረገችው።

«አተላ ነው» አለች። «አንተ ልጅ፣ ለእኔ አተላ ልታስተምረኝ ነው? በአተላ ላይ እየጠነሰስኩ ብሸጥ ኖሮ ይኼን መኪና የምገዛ ይመስልሃል? ጋን ይደፋል፣ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠነሰስበት። ሌላ መንገድ የለውም።»

«ጋን ማርሽ የለውም እኮ፣ እትዬ።»

«ማርሹን አንተ እወቅበት። እጥበቱን ለእኔ ተው።»

በማግሥቱ ዘንቢል ሙሉ ግራዋ ይዛ መጣች። ክንፈ ካምቢዮ ውስጥ ቅጠል እንደማይገባ በታቦት እየማለ ለመናትና በነጭ ጋዝ ተስማሙ። አሮጌው ዘይት እስከ ጠብታው ተንጠፈጠፈ። በነጭ ጋዝ ታጠበ። ትርንጎ «አልጠራም» አለችና ደግሞ ታጠበ። ከሥር የሚወርደው የምንጭ ውሃ እስኪመስል በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀይ አዲስ ዘይት ተሞላበት። ወይራውን ስታነሳ ግን ክንፈ ክብሪቷን ወስዶ ኪሱ ከተተ። ቤቷ ስትገባ የመኪናውን ወንበሮች አጠነቻቸው።

የሰርጉ ዕለት መሪውን ለክንፈ ሰጠችው፤ «ያጠብከው አንተ፣ የምትነዳውም አንተ» ብላ። ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሙሽራውና ሁለት ሚዜዎች ከኋላ ሆኑ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ መኪናው እንደ ማር ተንቆረቆረ።

«እህ፣ አኮረፈ?» አለችው።

«ቁልቁለት ነው፣ እትዬ። ቁልቁለት ላይ በርሜልም ይሄዳል።»

ግንደ በር ደርሰው በሉ፣ ጠጡ፣ ተመረቁ። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ስንዱን ከደፉ አንስተው ወንበሯ ላይ አስቀመጧት። የአባቷ አክስት እማማ ጥሩወርቅ ሸኚ ሆነው ከአጠገቧ ተቀመጡ። አቶ ዘውገም ወንበራቸውን አስወጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን አቀበቱ ላይ ተከሉ።

የአቀበቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ጮኸ፣ አገሳ፣ ጎማው ግን ወሬውን የሰማ አይመስልም። ክንፈ ቢረግጠው ጩኸቱ ባሰ፤ መኪናው ቆመና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ክንፈ ፍሬን ያዘ። ሚዜዎቹ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጡ።

«አኮረፈ» አለ ክንፈ፣ ቀስ ብሎ።

«እንሸከማት» አለ ሲሳይ። ሚዜዎቹ አቀበቱን ቀና ብለው አዩ፤ ሙሽራዋን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኔ ልውረድ በቃ» አለች ስንዱ። «ጫማዬ ምቹ ነው።»

«እግርሽን ሰብስቢ» አለች ትርንጎ። «አባትሽ ቁጭ ብለው እያዩን ነው።» ስንዱ ደንግጣ እግሯን ከመኪናው ወለል ላይ ሳይቀር አነሳችው።

ክንፈ ከጭንቀቱ ብዛት ማርሹን ወደዚህም ወደዚያም ያላጋው ጀመር። የኋላ ማርሽ ላይ ሲያደርሰው መኪናው ደንገጥ ብሎ ወደ ኋላ ዘለለና ድንጋዩን ገጨ።

«የኋላው ይሠራል» አለ ክንፈ።

«እንግዲያው በኋላው አውጣው።»

«አቀበቱን? በቂጡ?»

«በፊቱ እንቢ ካለህ በምኑ ልታወጣው ነው?»

ድንጋዩን አነሱ። ክንፈ መኪናውን ቀስ አድርጎ ሰፋ ያለው መታጠፊያ ድረስ አንሸራተተና ፊቱን ወደ ቆላ፣ ጀርባውን ወደ ደጋ አዞረው። ሚዜዎቹ ከላይ ሆነው «ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ፣ ና» እያሉ መንገድ እየመሩ፣ መኪናው በኋላ ማርሽ እያቃሰተ አቀበቱን ተያያዘው። ትርንጎ ከፊት ወንበር ሆና፣ ሳትወድ በግድ፣ የአቶ ዘውገን ደጅ እያየች ወደ ላይ ሄደች። ወዲያው ስልኳ ጠራ።

«ትርንጎ፣ ልጄን እየመለሳችሁልኝ ነው?» አሉ አቶ ዘውገ።

«ኧረ የለም።»

«የመኪናው ፊት ወደ እኔ ነው እኮ።»

«ፊቱ ወደ እርስዎ ነው፤ መንገዱ ወደ እኛ ነው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?»

ትርንጎ አንዴ ክንፈን ገላመጠችው። «የሙሽራ ዓይን ከአባቷ ደጅ ቶሎ እንዳይለይ ብለን ነው» አለች።

በስልኩ ውስጥ አቶ ዘውገ ከወንበራቸው ሲነሱ ተሰማ።

«እግሯስ?»

«አየር ላይ ነው።»

አፍንጫ ሲጠረግ ተሰማ። «እግዜር ያክብርሽ» አሉ አቶ ዘውገ። «ለእናቷ እንኳ እንዲህ አላሰብኩላትም።»

ወይን አምባ ላይ ከበሮና እልልታ ይዞ የሚጠብቀው ሕዝብ የመኪናውን ጀርባ ሲያይ እልልታውን ዋጠው። ተቀይመው ጀርባ የሰጡት መስሎት «ምን አጠፋን?» ያለም ነበር። ከበሮ መቺው ሙሽራዋ በየት በኩል እንደሆነች ጠፍቶት መኪናውን እየዞረ መታ። ክንፈ አላቆመም፤ እየገፋ የመኪናውን ቂጥ ከደፉ ላይ ለጠፈው። የኋላውን በር ሲከፍቱት በቀጥታ ሳሎን ነው። ስንዱን በወንበሮቹ ላይ አሳልፈው ቀድሞ ወርዶ ሳሎን ለቆመው ለሲሳይ አቀበሉት፤ እግሯ ሳር እንኳ ሳይነካ ገባች። ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ።

ትርንጎ ወረደችና መጀመሪያ ያደረገችው ጎማውን በጫማዋ መምታት ነው።

«ከሃዲ» አለችው። «አጥቤ፣ አጥኜ፣ አዲስ ዘይት አጠጥቼ፣ እንዲህ ታዋርደኝ?»

ክንፈ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። «አሁን ገባኝ» አለ ከዚያው። «ውስጡ እየተያያዙ ወደ ፊት የሚገፉት ሸራዎች አልቀዋል። ያያይዛቸው የነበረው ያ ዝቃጭ ነው። ጥቂት እንኳ ብናስቀርለት ኖሮ…»

«ዝም በል። የታጠበ ዕቃ ያጠፋል እንዴ? ጥፋቱ የመኪናው ነው፤ ሆዱ ክፉ ነው። የሸጠልኝን ሰውዬም ባገኘው አሳየው ነበር።»

እማማ ጥሩወርቅ በጎኑ በር በኩል በሁለት ሰው ተደግፈው የወረዱት ይኼኔ ነው፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎማውን የምትመታውን ትርንጎን አንዴ፣ ከመኪናው ሥር የወጡትን የክንፈን እግሮች አንዴ አዩና፣ ደጅ ለቆሙት ሴቶች «እርሾዋን ደፍታ ቡሃቃዋን ከሰሰች» አሏቸው።